ሆስታ ከውርጩ በፊት፦ ይቆረጥ ወይስ ይተው? ይልበስ ወይስ ባዶውን ይክረም?

ሆስታ ለቅጠሉ ውበት ተብሎ የሚተከል፣ በየዓመቱ ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ የግቢ ተክል ነው። ውርጭ ሲመታው ማየት ያስደነግጣል። ትናንት ሰፊና ለምለም ቅጠል ዘርግቶ የነበረ ተክል በአንድ ሌሊት ይጠወልጋል። በሦስተኛው ቀን እርጥብ ጨርቅ መስሎ መሬት ላይ ይተኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለ ሰው "ሞተብኝ" ብሎ ሊነቅለው ይችላል። እባካችሁ አትንቀሉት። ቅጠሉ እንጂ ተክሉ አልሞተም። ሥሩም፣ የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያም ከአፈሩ ሥር በደህና ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እዚህ ክረምት የምለው የዝናቡን ወቅት አይደለም። ውርጭ የሚወርድበትን፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ የሚጠጥርበትን፣ በረዶ የሚከመርበትን ጊዜ ነው። ጸደይ የምለው ደግሞ ከዚያ በኋላ መሬቱ ቀልጦ ቡቃያው የሚወጣበትን ነው። ሆስታ ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። የኛ ሥራ እንቅልፉን የሚያበላሽበትን ነገር ማራቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

በዚህ ጉዳይ ምክሩ ብዙ ነው፤ እርስ በርሱም ይጋጫል። አንዱ "ቅጠሉን ሙልጭ አድርገህ ቁረጥ" ይላል። ሌላው "እንዳለ ተወው" ይላል። አንዱ "በጉዝጓዝ ሸፍነው" (አፈሩ ላይ በሚነጠፍ ደረቅ ቅጠል፣ ጭድና በመሳሰለው ማለቱ ነው) ሲል፣ ሌላው "ጉዝጓዝ አይጥ ይጠራል" ይላል። ሁሉም የሚናገረው ከልምዱ ነው፤ ሁሉም በየቦታው ልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የትኛው ለማን እንደሚሻል የመሰለኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጠላቱን እንለይ

ብዙ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። ሆስታ ግን ብርድ የለመደ ተክል ነው። ዘሩ የመጣው ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከቻይና ነው። በደንብ ሥር ከሰደደ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ቦታ እንኳ መሬት ውስጥ ይከርማል። እንዲያውም የሚጎዳው ብርድ ሲያጣ ነው። በየዓመቱ ለተከታታይ ሳምንታት 5 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ያን ካላገኘ በቀጣዩ ጸደይ የሚያወጣው ቅጠል ያንሳል፣ ይሳሳል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከቀጠለ እየመነመነ ይሄዳል። ለሞቃት ቦታ ከሌሎቹ ትንሽ የሚሻለው ሆስታ ፕላንታጊኒያ የሚባለው ነው፤ ነጭ አበባ ያለው፣ መዓዛው ከሩቅ የሚያውደው።

ታዲያ ጠላቱ ማነው? አራት ናቸው። የመጀመሪያው ውሃ ነው። ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ቡቃያው ተጠቅልሎ የሚተኛው እዚያ ነው። ከዚህ በኋላ "የሥሩ ራስ" እለዋለሁ። ይህ ቦታ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ከከረመ ይበሰብሳል። ሁለተኛው የሙቀቱ መዋዠቅ ነው። መሬቱ ዛሬ ይጠጥራል፣ ነገ ይቀልጣል፣ ከነገ ወዲያ መልሶ ይጠጥራል። አፈሩ እያበጠ እየሟሸሸ ተክሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሥሩ ይበጠሳል፤ የተጋለጠው ደግሞ ይደርቃል። ሦስተኛው የሜዳ አይጥ ነው። አራተኛው በአሮጌው ቅጠል ተደብቆ የሚከርም በሽታና የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው።

ብርዱ ከአራቱ አንዱ አይደለም። ከታች ያለውን ምርጫ ሁሉ ስታነቡ ይህን ያዙልኝ። የማሰሮ ተክል ብቻ ነው ከዚህ ወጣ የሚለው፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ቅጠሉን መቁረጥ ወይስ መተው

መቼ እንደማይቆረጥ ልንገራችሁና ወደ ምርጫው እንሂድ። ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ መቀሱን አስቀምጡ። አረንጓዴ ቅጠል ገና ምግብ እየሠራ ወደ ሥሩ እየላከ ነው። ለጸደይ የሚሆነውን ስንቅ የሚቋጥረው በነዚህ የመጨረሻ ሳምንታት ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ግቢው ይጽዳ ብላችሁ ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ስንቁን ነጠቃችሁት ማለት ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ወይም ውርጭ መትቶት ሲተኛ፣ ያኔ ጊዜው ደርሷል።

ከዚያ በኋላ መቁረጥ ለምን ይሻላል? የሞተ የሆስታ ቅጠል ሰፊና እርጥብ ነው። መሬት ላይ ተነባብሮ ሲተኛ ለቀንድ አውጣ፣ በተለይ ቅርፊት ለሌለው ዓይነት፣ የተዘጋጀ ቤት ይሆንለታል። ይህ ፍጥረት ሆስታን እንዴት እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል። ከቅጠሉ ሥር፣ እርጥብ አፈር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ጸደይ ላይ ቡቃያው ብቅ ሲል ልጆቹ ተፈልፍለው ይጠብቁታል። ፈንገስም እዚያው ይከርማል። የሜዳ አይጥም ከድመትና ከጭልፊት ዓይን የሚሸሸግበት ጣራ ያገኛል።

ይተው የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የወደቀው ቅጠል ለሥሩ ራስ ስስ ልብስ ይሆነዋል፤ በረዶ በማይከመርበት ግን በሚቀዘቅዝ ቦታ ይህ ይጠቅማል። ሌላም አለ። ሆስታ ሲተኛ ከመሬት በላይ ምንም አይታይም። የት እንደተከላችሁ ከረሳችሁ፣ በጸደይ አካፋ ይዛችሁ መሃሉን ልትሰነጥቁት ትችላላችሁ። የደረቀው ቅጠል ምልክት ይሆናችኋል። (ለዚህስ አንድ እንጨት መትከል ይበቃል።)

እኔ አንድ ዓመት ሁለት መደብ ጎን ለጎን ሞክሬ አይቻለሁ። አንዱን ከውርጩ በኋላ አጸዳሁት፤ ሌላውን እንዳለ ተውኩት። ጸደይ ሲመጣ የተውኩት መደብ ላይ ቅጠሉ ረጥቦ፣ ተጣብቆ እንደ ወረቀት ሆኗል። ቡቃያው ደግሞ በሥሩ ሆኖ ሽቅብ መግፋት ጀምሯል። የሆስታ ቡቃያ ሹል ነው፤ ጠንካራ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን እንደ ሸንበቆ ቀንበጥ ቀጭ ይላል። በመሰብሰቢያው መንሽ አራት አምስቱን ሰበርኩ። በአንድ ቡቃያ ውስጥ የተጠቀለለው የአንድ ወቅት ቅጠል ነው፤ ሲሰበር ያሳዝናል። ከዚያ ወዲህ በጊዜው አጸዳለሁ።

በሁለቱ መሃል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የኔ ምርጫም እሱ ነው። በመቀስ ከመቸኮል አንድ ሁለት ሳምንት መታገስ። ከጥቂት ውርጭ በኋላ የቅጠሉ አገዳ ከሥሩ ራስ ራሱ ይላቀቃል። ያኔ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡት ያለ ትግል ይመጣል። ጉቶ አይተርፍም፤ የሚበሰብስ ነገር አይቀርም። እምቢ ካለ አትጎትቱ፤ ገና አልደረሰም። መቁረጥ የግድ ከሆነ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። የአበባው አገዳ ግን ውርጭ መጠበቅ የለበትም፤ አበባው ሲረግፍ ብትቆርጡት ምንም አይጎዳም። ዘሩን ቢያፈራም ከዘሩ የሚበቅለው ልጅ ብዙ ጊዜ እናቱን አይመስልም።

ስለዚህ፦ ቀንድ አውጣ፣ አይጥ ወይም የቅጠል በሽታ ካስቸገራችሁ ያለ ጥርጥር አጽዱ። ግቢያችሁ ደረቅ ከሆነ፣ ተክሉ ጤነኛ ከሆነና ጊዜ ካጣችሁ ትታችሁት ብትከርሙ አይሞትባችሁም። በጸደይ ግን መንሽ ሳይሆን እጃችሁን ተጠቀሙ።

የታመመ ቅጠል ከሆነ ምርጫ የለውም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ስለሆነ ነው።

ቅጠሉን ከመጣላችሁ በፊት ተመልከቱት። በቅጠሉ ጅማቶች መሃል፣ በጅማቱ ተከልሎ ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር ካያችሁ፣ ኔማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ ትል ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ጎልቶ የሚወጣው የሙቀቱ ወቅት ሲገባደድ ነው። ይህ ትል በደረቀ ቅጠልም በሥሩ ራስም ውስጥ ይከርማል። ስለዚህ ቅጠሉን ማጽዳት ቁጥሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቢሆንም ማጽዳቱ ግዴታ ነው፤ ትሉ በእርጥብ ቅጠል ላይ እየተሳበ ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራልና።

ሌላው ሆስታ ቫይረስ ኤክስ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ነው ተለይቶ የታወቀው። መድኃኒት የለውም። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም በጅማቱ ዙሪያ እንደ ቀለም ጠብታ ሲፈስ፣ ወይም ቅጠሉ ሲጨማደድና ሲዥጎረጎር ያስታውቃል። ሰም ኤንድ ሰብስታንስ እና ጎልድ ስታንዳርድ የሚባሉት ዝርያዎች ላይ በብዛት ታይቷል። ይህን ካያችሁ ቅጠሉን ብቻ ማንሳት አይበቃም፤ ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት። ልብ ይሰብራል፤ አውቃለሁ። ግን አንዱን ማዳን ሲሉ ሁሉንም ማጣት አለ።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በተክሉ ጭማቂ ነው። የሚያዛምተውም ብዙ ጊዜ የራሳችን መቀስ ነው። ስለዚህ መቀስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ እጠቡት። መጀመሪያ ጭማቂውን ጥረጉ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ንከሩት። ደርቆ በእጅ የሚላቀቀውን ቅጠል መጠበቅ የምወደው ለዚህም ነው፤ መቀሱ ባልተነካ ቁጥር ስጋቱ ያንሳል።

ጤነኛው ቅጠል ወደ ኮምፖስት (ወደ ብስባሽ ማዳበሪያው ክምር) ይግባ። የተጠረጠረው ግን በላስቲክ ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ይውጣ። የቤት ኮምፖስት እንዲህ ያለውን ነገር ለመግደል የሚበቃ ሙቀት እምብዛም አያገኝም።

ጉዝጓዝ፦ ማልበስ ወይስ ባዶውን መተው

ጉዝጓዝ የሚለብሰው ተክሉን ለማሞቅ ነው የሚል እምነት አለ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጉዝጓዙ የሚያስፈልገው የጠጠረው መሬት እንደጠጠረ እንዲቆይ ነው። በመሃል አንድ ሞቃት ሳምንት ሲመጣ አፈሩ እንዳይቀልጥ፣ ተክሉም "ነጋ" ብሎ እንዳይነቃ።

ከዚህ የተነሳ ጊዜው ወሳኝ ነው። መሬቱ ሳይጠጥር ቀድማችሁ ከጎዘጎዛችሁ ሙቀቱን ከውስጥ ትዘጉበታላችሁ። ተክሉ መተኛት ይዘገያል፤ የሜዳ አይጥም ሞቅ ያለ ቤት ሲያገኝ ጠቅልሎ ይገባል። ቢያንስ የላይኛው አፈር በእግር ሲረገጥ ጠንከር እስኪል ጠብቁ።

ማን ይልበስ? ዘንድሮ የተተከለ፣ ዘግይቶ የተከፈለ (ከነሥሩ ተሰንጥቆ ለየብቻ የተተከለ)፣ እና ድንክ ዝርያ። ብሉ ማውስ ኢርስን የመሰሉት ድንኮች ሥራቸው ጥልቀት የለውም፤ መሬቱ ሲያብጥ መጀመሪያ ተገፍተው የሚወጡት እነሱ ናቸው። በረዶው መጥቶ የሚሄድበት፣ ሙቀቱ ከዜሮ በላይና በታች የሚዋዥቅበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ ለሁሉም ብታለብሱ ይመከራል።

ማን አያስፈልገውም? ከሦስት ዓመት በላይ ቦታውን የያዘ ትልቅ ሆስታ፣ በተለይ በረዶ ተከምሮ በሚከርምበት ቦታ። ከበረዶ የተሻለ ጉዝጓዝ የለም። አየር ይይዛል፣ አያፍንም፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነሳል። በረዶ ስትጠርጉ ንጹሑን ሆስታው ላይ ብትከምሩት መልካም ነው። ጨው የተነሰነሰበትን የመንገድ በረዶ ግን አርቁበት፤ ጨው ሥር ይጎዳል።

በምን ይልበስ?

ደረቅ ቅጠል፦ በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ሁሉም የሚጀምረው በዚህ ነው። ልዩነቱ በመከተፉ ላይ ነው። ሙሉ ቅጠል፣ በተለይ ሰፊው ዓይነት፣ ዝናብና በረዶ ሲያርፍበት ተለጣጥፎ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ውሃ ይቋጥራል፣ አየር ይከለክላል። ያው የመጀመሪያውን ጠላት ጠራነው ማለት ነው። በሣር ማጨጃ ሁለቴ ብትሄዱበት ግን ይከተፋል፤ ሳሳ ብሎ ይተኛል፤ በጸደይ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ያዳብራል። የተከተፈ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው።

የጥድ ደረቅ ቅጠል፦ መርፌ የሚመስለው። እኔ ካገኘሁ ይህን አስቀድማለሁ። አይለጣጠፍም፤ ውሃ በመሃሉ ያልፋል፤ በጸደይም በእጅ እፍስ አድርጎ ማንሳት ይቻላል። "አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ላዩ ላይ የተነጠፈ የደረቀ የጥድ ቅጠል የአፈሩን አሲድነት እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይቀይረውም።

ጭድ፦ ቀላልና አየር ያለው ነው፤ ግን የአይጥ ፍራሽ ነው። የሜዳ አይጥ ከሌለባችሁ ይሆናል። ጭድና ድርቆሽ ግን አይምታታባችሁ፤ ድርቆሽ ውስጥ የሣር ዘር ስላለ በጸደይ አረም ታርማላችሁ።

የዛፍ ቅርፊት፦ ዓመቱን ሙሉ ለሚቆይ ጉዝጓዝ ይሻላል። ለክረምት ብቻ ከባድ ነው፤ ከሥሩ ራስ ላይ ማንሳቱም ያስቸግራል።

ላስቲክ፦ በፍጹም። ከውስጥ ላብ ይሠራል፤ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፤ ሲመሽ መልሶ ይቀዘቅዛል። የምንሸሸውን መዋዠቅ በራሳችን እጅ መሥራት ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይብቃው። ከባድ የሆነ ነገር፣ ኮምፖስትም ቢሆን፣ በቀጥታ በሥሩ ራስ ላይ አትከምሩ። ዙሪያውን ክበቡት፤ መሃሉ ላይ ስስ አድርጉት።

የሜዳ አይጥ ካለ ሒሳቡ ይቀየራል

ይህ እንስሳ ክረምቱን አይተኛም። በበረዶው ሥር መንገድ እየሠራ፣ የሆስታን ሥርና ራስ እየቆረጠመ ይከርማል። ጸደይ ላይ ቡቃያ ስትጠብቁ ቆይታችሁ፣ ነካ ስታደርጉት ተክሉ ሥር አልባ ሆኖ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከዚህ የሚበልጥ ሐዘን በአትክልት ሥራ ላይ አላውቅም። መኖሩን አስቀድማችሁ የምታውቁት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቀዳዳና በሣሩ መሃል በተጋጠ ቀጭን መንገድ ነው።

ጉዝጓዝ ለሱ ሽፋን ነው። ስለዚህ አይጥ ባለበት ግቢ ለትልልቆቹ ሆስታዎች ጉዝጓዙ ቢቀር ይሻላል፤ ባዶ መሬት ላይ መንቀሳቀስ ይፈራል። ለድንኮቹና ለአዲሶቹ ግን ባዶ መተው አያዋጣም። እዚህ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ ሲተከል ጀምሮ ሥሩን ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ የሽቦ ወንፊት ቅርጫት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሥሩ በቀዳዳው ያልፋል፤ አይጡ አያልፍም። ልፋት አለው፤ ውጤቱ ግን ለዓመታት ይዘልቃል። ሁለተኛው፣ በተክሉ ዙሪያ ሹል ጠርዝ ያለው ጠጠር መቅበር ነው። ይረዳል፤ ብቻውን ግን የሚታመን አይደለም። ሦስተኛው ወጥመድ ነው፤ ከመጎዝጎዝ በፊት ባሉት ሳምንታት በመንገዱ ላይ ይጠመዳል። መርዝ አልመክርም። አይጡን የሚበላው ድመትና ጉጉት ተያይዞ ይጎዳል፤ ረዳታችንን ገደልን ማለት ነው።

ውድ የምትሉት አንድ ሁለት ተክል ካለ ለሱ ወንፊቱን ሥሩለት። ለሌላው ወጥመድና ንጹሕ መሬት ይበቃል።

በማሰሮ ያለ ሆስታ፦ አራት መንገድ

እስካሁን ብርዱን አትፍሩ ስል ነበር። ማሰሮ ላይ ሲደርስ ግን ቃሌን ላስተካክል። መሬት ውስጥ ያለ ሥር ብርዱ የሚመጣበት ከላይ ብቻ ነው። ማሰሮ ውስጥ ያለው ከላይም፣ ከጎንም፣ ከታችም ይመታል። ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቶሎ ይሞቃል። ያው ተክል መሬት ላይ የሚችለውን ብርድ ማሰሮ ውስጥ ላይችለው ይችላል። ከብርዱ በላይ የሚገድለው ግን እዚህም ውሃ ነው፦ በበረዶ የተዘጋ ቀዳዳ፣ ከላይ የሚቀልጥ በረዶ፣ መሃል ላይ የተዘፈቀ ራስ።

የማይሞቅ ጋራዥ ወይም መጋዘን። ካላችሁ ይህ ምርጥ ነው። ቅጠሉ ሞቶ ከተነሳ፣ ጥቂት ውርጭም ካገኘ በኋላ አስገቡት። ሙቀቱ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ከሚለው እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ቢሆን ይስማማዋል። ተኝቷልና ብርሃን አያስፈልገውም። አፈሩ ክው ብሎ እንዳይደርቅ በወር አንዴ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል፤ አፈሩ የጠጠረ ከሆነ ደግሞ እሱም ይቅር። ችግሩ ጋራዡ ከቤቱ ጋር ተያይዞ ሲሞቅ ነው። ተክሉ ያለጊዜው ይነቃና በጨለማ ውስጥ ረዥም፣ ሐመልማል የሌለው ቡቃያ ያወጣል። እንዲህ ከሆነ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ፣ ከቤቱ ግድግዳ ራቅ አድርጉት።

ማሰሮውን ከነተክሉ መሬት ውስጥ መቅበር። ጋራዥ ለሌለው ሰው የምመክረው ይህን ነው። እስከ አፉ ሲቀበር እንደ መሬት ተክል ይሆናል። ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ፤ አለበለዚያ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። ልፋቱ ቁፋሮው ነው፤ ያውም መሬቱ ሳይጠጥር።

በጎን ማጋደም። ይህ ብዙ ማሰሮ ላለው ሰው ነው። ማሰሮዎቹን ፀሐይ በማያገኘው የቤት ጥግ፣ ከነፋስ ከለል ባለ ቦታ፣ አጠጋግታችሁ በጎናቸው አስተኟቸው። ዙሪያቸውን በደረቅ ቅጠል ሙሉት። ሲጋደም ውሃ አይገባበትም፤ ያን ያህል ቀላል ነው። ብርዱ በጣም የከፋበት ቦታ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

ባለበት መተው። ትልቅ ማሰሮ፣ ለዘብ ያለ ክረምት፣ ከሥሩ በጡብ ከፍ ተደርጎ ውሃው የሚወርድለት ከሆነ ይሆናል። ከዚህ ውጪ ዕድል መሞከር ነው።

ከአራቱም ውጪ ያለው፣ "ይበርደዋል" ብሎ ሳሎን ማስገባት ነው። ይህ ደግነት ይጎዳዋል። እንቅልፉን ያጣል፤ ጸደይ ላይ የምታገኙት የደከመ ተክል ነው።

ማሰሮው ራሱስ? ውሃ ወደ በረዶ ሲቀየር 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ሸክላ ውሃ ስለሚመጥ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ውጭ የሚያድር ከሆነ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ይሻላል። የምትወዱት ሸክላ ካለ ለሱ ጋራዡን ስጡት።

መክፈል፦ አሁን ወይስ በጸደይ

እዚህ ብዙ አልቆይም። መሬቱ ከመጠጠሩ በፊት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ከቀራችሁ አሁን መክፈል ጥሩ ነው፤ አፈሩ ገና ሞቅ ያለ ስለሆነ ሥር ይሰዳል። ከዚያ ያነሰ ከቀረ ለጸደይ ተዉት፤ ቡቃያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቅ ሲል ይከፈላል። ዘግይቶ የተከፈለ ሆስታ ሥር ሳይዝ ውርጭ ይደርስበታል፤ መሬቱ ሲያብጥ ተገፍቶ ይወጣል። እንደ ኤምፕረስ ዉ ያለውን ግዙፍ ዝርያ ከሆነ የያዛችሁት፣ ባትከፍሉት ይሻላል። ሙሉ ቁመናውን ለመያዝ ዓመታት ይፈልጋል፤ በከፈላችሁት ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል።

ማዳበሪያና ውሃ

ናይትሮጂን ያለበት ማዳበሪያ የሙቀቱ ወቅት አጋማሽ ላይ ይቁም። ዘግይቶ የተሰጠ ማዳበሪያ መተኛት ያለበትን ተክል አዲስ ቅጠል አውጣ ይለዋል። ያ ለጋ ቅጠል የመጀመሪያው ውርጭ ሲሳይ ነው።

ውሃ ግን አታቋርጡ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ቱቦውን ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ሥሩ ገና እየሠራ ነው፤ ጠጥቶ ቢተኛ ይሻለዋል። ዝናብ ከሌለ መሬቱ እስኪጠጥር ድረስ በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ገደማ ይጠጣ። ይህ ውሃ ጠላት ነው ካልኩት ጋር አይጋጭም። ጠላቱ ቆሞ የሚቀር ውሃ ነው፤ አፈሩን አርሶ የሚወርደው ወዳጅ ነው።

ጉዝጓዙን መቼ ማንሳት

በጸደይ ያለው ምርጫ በቶሎ መግፈፍ ወይም ማዘግየት ነው። ቶሎ ከገፈፋችሁ ቡቃያው ቀድሞ ይነቃና የዘገየ ውርጭ ያገኘዋል። ካዘገያችሁ ቡቃያው በጉዝጓዙ ሥር ነጥቶና ተጣሞ ያድጋል፤ ቀንድ አውጣውም እዚያው ያገኘዋል። ስለዚህ በሁለት ጊዜ አንሱት። መሬቱ ሲቀልጥ ግማሹን፤ የቡቃያው ጫፍ ሲታይ ቀሪውን። በእጅ ይሁን፤ መንሽ አይግባበት። ቀንድ አውጣ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አይረን ፎስፌት ያለበት ፍሬ (ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት) የሚበተነው ያኔውኑ ነው፤ ቅጠሉ ከተበሳ በኋላ መበተን የዘገየ ነው።

ቅጠሉ ተዘርግቶ ሳለ ማታ ውርጭ እንደሚወርድ ከሰማችሁ ባልዲ፣ ካርቶን ወይም አሮጌ አንሶላ አልብሱት፤ ሲነጋ አንሱለት። ላስቲክ ቅጠሉን እየነካ አይደር፤ በነካበት ቦታ ውርጩን ያሻግራል። ሳትደርሱበት ከመታውም አትደንግጡ። የሟሸሸውን ክፍል አንሱና ጠብቁ። የሥሩ ራስ ላይ ተኝቶ የቀረ ቡቃያ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመጀመሪያው ትንሽ አነስ ያለ ቅጠል ይዞ ይወጣል።